ከውኃው ጠጥቻለሁ

እሠራበት በነበረው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ የዋና ሥራ አስፈጻሚው ሕይወት በሦስት ቋንቋ ተጽፏል። አማርኛውን የተረጎምሁት እኔ ስለሆንሁ በቃሌ እወጣዋለሁ። በስደተኞች ድንኳን ተወልዶ፣ በመንገድ መብራት ሥር አጥንቶ፣ ከምንም ተነሥቶ እዚህ ደረሰ ይላል። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ባለው ሰፈራችን የመንገድ መብራት ኖሮ አያውቅም፤ ዛሬም የለም። ይህን ስነግረው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል፣ "አንባቢው ገዳሪፍ ድረስ መጥቶ አምፖል አይቆጥርም" አለኝ።

እዚህ የምጽፈው በዚያ ገጽ ላይ የሌለውን ነው። ሰውየውን አልወደውም፤ አንባቢ ሚዛኔን እንዲያውቅ ይህን ከመጀመሪያው ልናገር። የጠላሁት ስለከበረ አይደለም። ድምፄን ወስዶብኝ ነበር። በምሳሌ መናገሬ አይደለም፤ ከጉሮሮዬ ወጥቶ ሰው በስልክ የሚሰማውን ድምፅ ማለቴ ነው። የምጽፈው እሱን ላስመልስ ስል ያየሁትን ነው።

የተወለደው ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ፣ በጡብ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ወኪል ነበሩ። በየዓመቱ አረም ሲደርስና ሰሊጥ ሲታጨድ ከመተማ ወዲያ ያለው ሰው በጋላባት በኩል ተሻግሮ ይመጣል። ሠራተኛው ባለ እርሻውን አያውቀውም፣ ባለ እርሻውም ሠራተኛውን አያውቀውም። መካከል ላይ ሆኖ ሰው የሚሰበስበው፣ ሎሪ ላይ የሚያሳፍረው፣ ለሁለቱም ዋስ የሚሆነው ወኪሉ ነው።

ብዙዎቹ እርሻዎች ከወንዝ የራቁ፣ ዛፍ የሌለበት ጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ያሉ ናቸው። የሚጠጣው የዝናብ ውኃ ነው፤ ሀፊር በሚባል ሰፊ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ዝናቡ ካነሰ ሀፊሩ አጨዳው ሳያልቅ ይጎድልና ሰው ከከተማ ርቆ በጥም ይያዛል። ስለዚህ ሠራተኛ ከደመወዝ በፊት የሚጠይቀው ውኃን ነው። ወኪሉም "ውኃ አለ" ቢል አይበቃም፤ "ከውኃው ጠጥቻለሁ" ማለት አለበት። ይህን የሚል ሰው እርሻው ድረስ ሄዶ፣ ሀፊሩን አይቶ፣ ቀድቶ የጠጣ ነው። ነገሩ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ሠራተኞቹ ከዚያው ውኃ በጀሪካን ይዘው ይመለሱና ፊቱ ያስቀምጡለታል። በሰው ፊት ከጠጣ ጠቡ እዚያው ያበቃል። እምቢ ካለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አይከተለውም። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ እዚያ አይደርስም፤ ወኪሎች ጀሪካኑ ፊታቸው እንዳይቀመጥ ሲሉ ይጠነቀቃሉ።

የሰውየው አባት በዚህ ቃል የታወቁ ነበሩ። ሆዳቸው ጤና አግኝቶ አያውቅም። ሚስታቸው "የስንቱን ሀፊር ጭቃ ተሸክሞ የሚዞር ሆድ ነው" ትል ነበር።

ልጁ የወረሰው ሌላ ነው። በሰፈራችን የስልክ ባትሪ መሙያ ቤት መጀመሪያ የከፈተው እሱ ነበር። የመኪና ባትሪ ደርድሮ የሠራተኞቹን ስልክ ይሞላል። በኋላ ድርጅት ሲከፍት ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ እየሳቀ የሚነግረው ታሪክ ይኸው የመሙያ ቤቱ ታሪክ ነው። ስልኩን ግማሽ ሲደርስ ይነቅልና "ሞልቷል" ይላል። ሠራተኛው መብራቱን አይቶ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ይመለሳል።

"ደንበኛ የሚመለሰው ሲረካ ነው ብለው ያስተምሯችኋል" ይላል ለተቀጣሪዎቹ። "ውሸት ነው። የሚመለሰው ሲጎድልበት ነው።"

ሁሉም ይስቃል። እኔ ያን ጊዜ የማስበው እናቴም ስልኳን እዚያ ትሞላ እንደነበር ነው።

ካርቱም ሄዶ ኮምፒውተር ተማረ። ጎበዝ ነበር ይላሉ፤ አምናለሁ። ጦርነቱ ካርቱምን ሲበላው ሰው ልጁን አዝሎ ወደ እኛ ሲመጣ እሱም አብሮ መጣ። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ የሳተላይት ሳህን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሌሊት አስገባና የቆርቆሮ ቤት ተከራየ። ሰው ከፍሎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ በሳህኑ ኢንተርኔት የዘመዱን ወሬ ይጠይቃል። መርዶ የሰማ ሰው መቼም ያለቅሳል። ለዘበኛው የሰጠው ትእዛዝ "ያለቀሰውን ቶሎ አውጣ፣ መሥመር ይይዛል" የሚል ነበር። ገጹ ላይ "በጨለማው ዘመን ቤተሰብን ከቤተሰብ ያገናኘ" ተብሎ ተጽፏል። ይኸኛው ውሸት አይደለም። እናቴ የእህቷን በሕይወት መኖር የሰማችው በዚያ ሳህን ነው። ሰምታ ስታለቅስ ክንዷን ይዘው ያስወጧትም ከዚያው ቤት ነው።

አባቱ የሞቱት በዚያ ሰሞን ነበር። ከተቀበሩም በኋላ ስልካቸው ይጮሃል። ከመተማ እስከ ሀዋታ ያለ ሠራተኛ ቁጥራቸውን በቃሉ ያውቀው ነበርና "አያ፣ ዘንድሮ ሥራ የት አለ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ሌላ ልጅ ቢሆን መርዶውን እየነገረ ቁጥሩን ይዘጋው ነበር። እሱ የሚደውለውን ሰው ብዛት አየና የድርጅቱ ቁጥር አደረገው። ድርጅቱ የተጀመረው በዚህ ነው። ደዋዩ ለአማርኛ አንድን፣ ለትግርኛ ሁለትን፣ ለዓረብኛ ሦስትን ይጫናል። ስልኩ የእርሻውን ቦታ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የሎሪውን መነሻ ይናገራል። ባለ እርሻዎች ሠራተኛ በፈለጉ ጊዜ ለእሱ ይነግሩታል፣ ሠራተኛው ለስልኩ ጆሮውን ይሰጣል፣ ወኪሎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። አማርኛውን የምናገረው እኔ ነበርሁ። ሰው የሟቹን ቁጥር ደውሎ የሚያገኘው እኔን ነበር።

የተማርሁት እዚሁ ገዳሪፍ፣ የእርሻ ኢኮኖሚ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ እጄን ያነሣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የቀጠረኝም ለትርጉም ነበር። በልጅነቴ "አንተ" እለው ነበር። በመጀመሪያው ቀን የቢሮውን በር ዘጋና፣ "እዚህ አንቱ ነው የምባለው፤ ሰው ይሰማል" አለኝ። እኔን "ኡስታዛ" ይለኛል፣ ሱዳኖች የተማረችን ሴት እንደሚጠሩት፤ ሲቆጣ ደግሞ "አንቺ"።

ለቀረጻው ሌሎች ሁለት ልጆች ሞክረው ነበር። ድምፃቸው የሬዲዮ ነው፣ ያምራል። እሱ የእኔን መረጠ። ምክንያቱን ሲነግረኝ ያመሰገነኝ ይመስለው ነበር።

"የሚያፍር ድምፅ ሰው አይጠረጥረውም" አለኝ።

የመጀመሪያው እርሻ መፋዛ አጠገብ ነበር። ሄጄ እንዳይ ይዞኝ ሄደ፤ ይህን ያደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ ካለው ወንዝ ፈቅ ብሎ ሙሉ ሀፊር አለ፣ ዳሩ ላይ ሳር በቅሏል። ወጥ የምትሠራው ሴት ኮዝ በሚሉት የቆርቆሮ ጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ውኃው የአፈር ጣዕም ነበረው፤ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ጨርሼ ጠጣሁት። እሱ ስልኩን አፌ አጠገብ ያዘና፣ "በይ፣ አባቴ እንደሚሉት በይው" አለኝ።

"ከውኃው ጠጥቻለሁ" አልሁ።

እውነት ነበር። ስለዚህም ነው ድምፄ እንደዚያ የጠራው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በተቀረጽሁት ሁሉ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ያችን ዓረፍተ ነገር ስላት ግን አልተንቀጠቀጥሁም። እሱም መልሶ ሰማት፣ ፈገግም አለ።

አጨዳው ሲቃረብ አንድ ቀን ከገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄድሁ። ከሽንኩርቱ ሻጭ ጎን ሠራተኞች ከሎሪ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ።

"እኔን የሚገርመኝ የሴትዮዋ ሆድ ነው" ይላል አንዱ። "መፋዛ ደወልሁ፣ ጠጥቻለሁ አለች። ሀዋታ ደወልሁ፣ ጠጥቻለሁ አለች። ሆዷ ሀፊር ነው እንዴ?"

"ባሏን ነው ያዘንሁለት" አለ ሌላው። "ሌሊቱን ሙሉ ስትነሣ ስትገባ እንቅልፍ የለው!"

"ባል የት ታግኝ? ከሀፊር ሀፊር ስትዞር ውላ።"

ሀዋታ ሄጄ አላውቅም። የሰማሁት ነገር ገና ሳይገባኝ ሻጩ ስንት ኪሎ እንደምፈልግ ጠየቀኝ፣ መለስሁለት። ከጥላው ሥር ያለው ሰው ድምፄን ሰምቶ ድንገት ዞረ።

"ወላሂ እሷ ናት! ጠጪዋ!"

ሁሉም ተነሥተው አዩኝ። ክፉ አልነበሩም፤ አንዱ እንዲያውም ቦታ ለቀቀልኝ። "እትዬ፣ ትንሽ አረፍ በዪ፣ ደክሞሻል" ሲለኝ ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሽንኩርቱን ትቼ ሄድሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ውስጥ የምፈልገውን በጣቴ እያሳየሁ እገዛ ጀመር። ዱሮም ብዙ አልናገርም ነበር፤ አሁን የነበረችኝም ጠፋች።

ቤት ገብቼ ቁጥሩን ደወልሁ፣ አንድን ተጫንሁ። እውነታቸውን ነው። የሀዋታው እርሻ ስም በተንቀጠቀጠው ድምፄ ይመጣል፤ ተከትላ ያች የጠራችው ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። ሌላ እርሻ ጠየቅሁ፤ አለች። የሚቀጥለውንም ጠየቅሁ፤ አለች።

በማግሥቱ ገና ሰው ሳይገባ ቢሮው ሄድሁ።

"ሀዋታ ሄጄ አላውቅም" አልሁት።

"አውቃለሁ።"

"ድምፄ ግን ጠጥቻለሁ ይላል።"

"የሚለው ሲስተሙ ነው፣ ኡስታዛ። አንቺ አንዴ ብለሻል፣ እሱ ይደግመዋል።"

"ያልሁት ለመፋዛ ነው።"

"መፋዛ የሚል ቃል አለበት? አዳምጪው።" ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተልኝ። አልነበረበትም።

"አባትዎ ሳያዩ ብለውት አያውቁም" አልሁ። ይህን ለማለት ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር ያደርሁት።

"አባቴ ዓመቱን ሙሉ ለፍተው ጥቂት እርሻ ነበር የሚያዳርሱ። በሆዳቸው ሠርተው በሆዳቸው ሞቱ። በእንዲህ ያለ አሠራር ማን ያድጋል?" ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። "ቃሉ ከሌለ ሠራተኛው ሎሪ ላይ አይወጣም። ሞክሬዋለሁ። ከነቃሉ ሲሆን ይወጣል።"

"ያውጡልኝ።"

"ስትቀጠሪ ፈርመሻል፣ የተቀረጸው የድርጅቱ ነው። ደግሞ ስምሽን ማን ያውቃል? ምን ጎደለብሽ? ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ሥራሽ።"

ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ያን ቀን የተረጎምሁት እሱ ለወጣቶች ስለ መታመን ያደረገውን ንግግር ነበር።

ሠራተኞቹ የመጡት ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ገና በማለዳ የአጥሩ በር ተንኳኳ፤ እናቴ ከፈተች። ስድስት ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ከፊት ሸበቶ ሽማግሌ ቆመዋል። ልብሳቸው በሰሊጥ ሙጫ ጠቁሯል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

"እናት፣ እንደምን አደርሽ። ጠጪዋን ፈልገን ነው" አሉ ሽማግሌው።

"እዚህ ቤት መጠጥ አይገባም" አለች እናቴ በሩን ልትዘጋ እየቃጣች። "ተሳስታችኋል።"

እኔ ወጣሁ። ከመካከላቸው አንዱ ከገበያው ሰው ነበር፤ ቤቴንም ያሳያቸው እሱ ነው። ዛሬ አልሳቀም። ሽማግሌው ቢጫ ጀሪካን አንሥተው እግሬ ሥር አስቀመጡ። ውስጡ ያለው ውኃ የወተት ሻይ መልክ ነበረው፤ ከሥሩ ጭቃ ረግቷል።

"ልጄ፣ ለጠብ አልመጣንም" አሉ። "የሀዋታውን ውኃ ጠጥቻለሁ ብለሽናል። ያገኘነው ይህን ነው። እሱም ለሁላችን በሁለተኛው ቀን አለቀ። አንዱ ጓደኛችን ሆዱን ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቷል። እንግዲህ ወጉን ታውቂዋለሽ፣ ጠጪልን።"

እናቴ "ምነው፣ ምነው አባቴ!" ብላ ጀሪካኑን ለማንሣት ጎንበስ ስትል ያዝኋት።

"እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም" አልሁ።

"ድምፁ የማን ነው ታዲያ?"

"የእኔ ነው። መፋዛ ጠጥቼ ያልሁትን ነው ለሁሉም እርሻ ያደረጉት።"

ሽማግሌው ወደ ጀሪካኑ አዩ። "ታዲያ የሀዋታውን ማነው የጠጣው?"

"ማንም።"

አጥሩ ሥር ተቀመጡ። "ማንም ሳይጠጣ ጠጥቻለሁ ይባላል?" አሉ፤ እኔን አልነበረም የሚጠይቁት።

"እህ፣ ጅን ነዋ የጠጣው!" አለ አንዱ ወጣት። "ጅን ወኪል ሆኖልናል። ያ ሰላም!"

ማንም አልሳቀለትም። ያን ጊዜ የወሰንሁትን እስከ ዛሬ ራሴ አላምነውም። ነጠላዬን ለበስሁና፣ "መጠጣት የሚገባውን ሰው ላሳያችሁ" አልኋቸው። ቃሉን ከእኔ ወስዶ ስልኩ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነውና፣ ጀሪካኑ ፊቱ ሲቀመጥ አፍሮ ይመልስልኛል ብዬ ነበር። ከገበያው መሐል ከፊታቸው ሆኜ ሄድሁ። በሕይወቴ ከወንዶች ፊት መንገድ የመራሁት ያን ቀን ነው። እናቴ አልከለከለችኝም፤ ከኋላ ከኋላ ትከተለን ነበር።

ቢሮው ደጃፍ ላይ ነጫጭ መኪናዎች ቆመዋል። ከውጭ የመጡ እንግዶች ነበሩት፤ ድርጅቱን ለማገዝ የሚያስቡ ሰዎች። ዘበኛው ሊያስቆመን ሲል ሽማግሌው በዓረብኛ፣ "ለአለቃው ለሙዲሩ ከአባቱ ዘመን የነበሩ ሰዎች መጥተዋል በለው" አሉት። ሰውየው ራሱ ወጣ። እኔን አየ፣ ጀሪካኑን አየ፣ ነገሩ ወዲያው ገባው። በወኪል ቤት ነውና ያደገው።

"አያ! እንኳን ደህና መጡ!" ብሎ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ።

"አባትህን አውቃቸው ነበር" አሉ ሽማግሌው። "ይህን ለእሳቸው አስቀምጬ አላውቅም።" ጀሪካኑን ፊቱ አኖሩት።

እንግዶቹ በረንዳው ላይ ወጥተው ይመለከታሉ። እሱ ወደ እነሱ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ በሕዝባችን ዘንድ ሠራተኛ ለሚያከብረው አለቃ ከእርሻው ውኃ ያመጣለታል ብሎ አስረዳቸው። ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ከእሱ ይሻላል። ከዚያ ጣሳ አስመጣ፣ ራሱ ቀዳ፣ ብድግ አድርጎ ጠጣው።

ልዋሽ አልችልም፤ ጠጥቶታል። ጉሮሮውን እያየሁ ነበር። ጣሳውን ገልብጦ አሳየ፣ ከንፈሩን በመሐረብ ጠረገ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ስልኮች ተነሡ፣ አንዷ ሴት ዓይኗን አበሰች። ፊቱ ላይ የፈለግሁት እፍረት አልነበረም። ልማዱ የተሠራው ለሚያፍር ሰው ነው፤ ለማያፍር ሰው ግን ከአንድ ጣሳ ውኃ ያለፈ ዋጋ አያስከፍልም። ይህን ያወቅሁት እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው።

"ጠጣ" አሉ ሽማግሌው። "እንግዲህ ቃል የለንም።"

"ጥያቄው ይህ አልነበረም" አልሁ። "ማን ሄዶ እንዳየው ነው የጠየቃችሁ።" ግን ጭብጨባው ነበር፣ የእኔም ድምፅ ትንሽ ነው፤ ከእናቴ በቀር የሰማኝ የለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ አስጠራኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ደስ ብሎታል።

"ኡስታዛ፣ ውለታሽን አልረሳም" አለኝ። "ድምፅሽን መልሼልሻለሁ። ከነገ ጀምሮ የሚናገረው የእኔ ነው። ጠጪው አለቃ! ሰው አይቷል እኮ።"

"ለሁሉም እርሻ?"

"ለሁሉም። አሁን እንግዲህ አለመጠጣቴን ማን ይናገራል?" ከዚያ ለገጹ አዲስ መስመር እንድጨምር ነገረኝ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ከአንድ ጣሳ ስለሚጠጣው መሪ። አልተረጎምሁትም። ያን ቀን ወጣሁ፣ አልተመለስሁም።

የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ቁጥሩን ደውዬ አንድን ስጫን እኔ የለሁም። ደስ ይለኛል ብዬ ያሰብሁት ነገር ነበር። የእሱ ድምፅ ግን ወፍራም፣ የሰባ፣ የማይንቀጠቀጥ ነው፤ ሀዋታን አልፎ ያለ አንድ አዲስ እርሻ ይጠራና "ከውኃው ጠጥቻለሁ" ይላል። እሱ ያን ሰሞን ከገዳሪፍ አልወጣም፤ መኪናው በየቀኑ በደጃችን ታልፍ ነበር።

ሎሪው የሚነሣበትን ጠዋት ከስልኩ ሰምቼ ሄድሁ። ሰው እየተሳፈረ ነበር። ከላይ ከጭነቱ ላይ እኒያው ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የገበያው ሰውም ከጎናቸው አለ።

"አያ፣ አይሂዱ" አልሁ። አልሰሙኝም። ደግሜ ጮህሁ፤ ሰው ሁሉ ዞረ።

"ለምን ልጄ? ሰውየው ጠጣ፤ በዓይንሽ አይተሻል።"

"የጠጣው የባለፈውን ነው። ይኸኛውን አላየውም።"

"ድምፁ ጠጥቻለሁ ይላል።"

"የእኔም ይል ነበር።"

የገበያው ሰው ከላይ ሆኖ፣ "ታዲያ ሥራ ከየት ይምጣ? አንቺ ቤት ቁጭ ብለን እንብላ?" አለ። "ጎንደር ያሉት ልጆቼ ውኃ አልነበረም ብላቸው ይገባቸዋል?"

ሌላው ተቀበለው። "እንግዲያው ጠጪዋ ትሂድና ጠጥታ ትንገረን! ልማዷ አይደል?"

አሁን ሳቁ። ከሎሪው ፊት ለእርሻው ዱቄት የጫነ፣ ቦክስ የሚሉት ፒካፕ መኪና ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ጋቢናው ውስጥ ወጥ ሠሪ ሴትዮ ተቀምጣለች። በቀልድ ነበር ያሉት። ሄጄ የጋቢናውን በር ከፈትሁ። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ ፈቅ አለችልኝ።

"ልጄ!" ሲሉ ሰማሁ ሽማግሌው። "ቁጥሬን ስልክሽ ላይ ያዢ። ሎሪው እስኪሞላ ብዙ ይቆያል፤ እንጠብቅሻለን።"

እርሻው የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ሀፊሩ ከሩቅ ሙሉ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ዳሩ ተሰነጣጥቋል፣ ውኃው ወደ መሐል ሸሽቷል። ወርጄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፣ ቀዳሁ፣ ጠጣሁ። ያገር ውኃ ነው፣ መጥፎ አይደለም። ጥበቃው ስንት ሰው ከዚያ እየጠጣ እንደሆነና በየቀኑ ምን ያህል እንደሚወርድ ነገረኝ። ከዚያ ኔትወርክ ፍለጋ በሀፊሩ ዙሪያ ወደተከመረው አፈር ወጣሁና ደወልሁ።

"አለ?" አሉ ሽማግሌው። የሎሪው ሰዎች እንዲሰሙ ስልኩን ጮክ አድርገው ነው የያዙት።

"አለ። ጠጥቻለሁ" አልሁ። "ግን ለሁላችሁ አይበቃም። ግማሻችሁ ብትመጡ እስከ አጨዳው መጨረሻ ይቆያል።"

"ግማሻችን?"

"ግማሻችሁ።"

"ግማሹ ማነው?" አለ አንድ ድምፅ ከሩቅ። "እኔ ቀድሜ ነው የተሳፈርሁት!" አለ ሌላ። "አንተ ባለፈው ሄደሃል፣ ዝም በል!" "ልጅ ያለው ይሂድ!" "ሁላችንም ልጅ አለን፣ ምን ማለትህ ነው?" ከዚያ ቃሉ መለየት አቃተኝ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይጮሃል፣ የሎሪው ቆርቆሮ ይንኳኳል። ውኃ የለም ብል ኖሮ ሁሉም ይወርዱ ነበር። ሞልቷል ብል ሁሉም ይመጡ ነበር። ይህን ጠብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሆኖም ከተናገርሁት ውስጥ የምመልሰው ቃል አልነበረም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ወደ ስልኩ ተመለሱ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"ልጄ፣ አለሽ?"

"አለሁ፣ አያ።"

"እዚያው ቆይ። ተስማምተን እንነግርሻለን።"

አፈሩ ክምር ላይ ተቀመጥሁና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ጠበቅሁ።